የተቀዳ ቁጥር አውሮፕላን አያሳርፍም

የፊዚክስ ፈተና ወረቀት ስናርም ደጋግመን የምናገኘው አንድ ስሕተት አለ። ቀመሩ ትክክል፣ ስሌቱ ትክክል፣ ቁጥሩም እስከ ሦስተኛው አኀዝ ድረስ ትክክል ሆኖ ሳለ ምልክቱ ይገለበጣል፤ መደመር በሚገባው ቦታ መቀነስ ተቀምጦ ይገኛል። ተማሪው ቅሬታውን ይዞ ሲመጣ «ቁጥሩ እኮ ልክ ነው» ይለናል። እኛም ግማሽ ነጥብ ጨምረን እናሰናብተዋለን። ወረቀት ላይ ነገሩ በግማሽ ነጥብ ያልቃል፤ አየር ላይ ግን ግማሽ ነጥብ የሚሰጥ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ሐሳባችንን የምናስረዳው ለብዙ አንባቢያን እንግዳ በሚመስል፣ ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ከሞላ ጎደል በሚገልጠው አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ በሬዲዮ የሚመሩ ትንንሽ ጄት አውሮፕላኖች እንዴት እንደሚያርፉ፣ በተለይም ለማረፍ ሲባል የክንፋቸው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች እንዴት እንደሚቀናጁ የሚመለከት ነው።

ትንሹ ጄት ከየት መጣ?

በጄት ሞተር የበረረ የመጀመሪያው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 በጀርመን አገር የተነሣው ሃይንክል ሄ 178 ነበር። ሞተሩንም የነደፈው ሐንስ ፎን ኦሃይን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ዶክተር ነው። ያንኑ ሞተር በክንድ ታቅፎ ለመሸከም በሚቻል መጠን ለመሥራት ግን ከ40 ዓመት በላይ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1983 በጄራልድ ጃክማን የሚመራ ቡድን በእንግሊዝ አገር፣ በግሪናም ኮመን የጦር አየር ማረፊያ በተርባይን ሞተር የሚገፋ ሞዴል አበረረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጀርመናዊው ኩርት ሽሬክሊንግ አንድ ትጉህ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ተርባይን ነደፈ። የአየር መጭመቂያው መዘውር በካርቦን ጭረት የተጠናከረ ኮምፔንሳቶ ነበር! ዛሬ እንዲህ ያሉ ሞተሮች በፋብሪካ ይመረታሉ፤ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ እየተሽከረከሩ ኬሮሲን ያነዳሉ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን መሣሪያ ከልጆች መጫወቻ ጋር እንዳያምታታው እንለምናለን። 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ነዳጅ የተሸከመ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊበር የሚችል አካል ነው። ከሰው ወይም ከመኪና ጋር ቢጋጭ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመገመት የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም።

የማረፍ ችግር

አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ክንፉ ከክብደቱ ጋር የሚመጣጠን አንሺ ጉልበት ሲፈጥር ነው። ይህ ጉልበት ከአየሩ እፍግታ፣ ከክንፉ ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል። ከእነዚህ በተጨማሪ የክንፉ ቅርጽና ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን የሚወስኑት አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም የአንሺ ጉልበት ኮፊሸንት ይባላል። ማዕዘኑ ሲጨምር ኮፊሸንቱ ይጨምራል፤ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና አንሺው ጉልበት በድንገት ይወድቃል። አብራሪዎች ይህን ክስተት ስቶል ይሉታል።

አንድ ምሳሌ እናስላ። የሞዴላችን ክብደት 12 ኪሎ ግራም፣ የክንፉ ስፋት 0.8 ካሬ ሜትር፣ ከፍተኛው ኮፊሸንቱ 1.0 ይሁን። በባሕር ጠለል ደረጃ ስቶል የሚያደርገው በሰከንድ 15.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለደኅንነት ሲባል የሚያርፈው የዚህን 1.3 እጥፍ በሆነ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሜትር ግድም ነው። አሁን ፍላፕ የተባለውን፣ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ከአውሮፕላኑ ገላ አጠገብ የሚገኘውን ሰሌዳ ወደ ታች እንጠፈው። ኮፊሸንቱ ወደ 1.4 ቢያድግ የማረፊያው ፍጥነት ወደ 17 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል። ልዩነቱ ሦስት ሜትር ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በፍጥነት ካሬ ስለሚሄድ ከ2400 ጁል ገደማ ወደ 1730 ጁል ገደማ ይቀንሳል። ፍሬኑና ጎማው ሊያበርዱት ከሚገባው ኢነርጂ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ቀድሞ ተወገደ ማለት ነው።

ፍጥነቱን መቀነስ ግን የችግሩ ግማሽ ነው። ጄት ሞዴል ለስላሳ ነው፤ አየር ብዙም አይጎትተውም። በፕሮፔለር የሚበር ሞዴል ሞተሩ ሲቀንስ ፕሮፔለሩ ራሱ እንደ ፍሬን ያገለግላል። ተርባይን ግን በዝቅተኛ ዙሩም ቢሆን ጥቂት ኒውተን መግፋቱን አይተውም። ሞዴላችን 118 ኒውተን ይመዝናል፤ ጎታቹ ጉልበት 12 ኒውተን፣ ተርባይኑ ደግሞ በዝግታው 5 ኒውተን የሚገፋ ቢሆን ቁልቁል የሚወርድበት ማዕዘን 3.4 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። በ10 ሜትር ከፍታ የዛፎችን ጫፍ አልፎ መሬት እስኪነካ ድረስ 170 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጎታቹን ጉልበት በእጥፍ ብናሳድገው ማዕዘኑ ከ9 ዲግሪ በላይ፣ ርቀቱም 62 ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ የማረፍ ጥበብ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንሺውንም ጎታቹንም ጉልበት በልኩ ማሳደግ።

ሰሌዳዎቹን ማጣመር

በክንፉ ጫፍ አቅራቢያ ኤይሌሮን የሚባሉ ሌሎች ሁለት ሰሌዳዎች አሉ። የተፈጥሮ ሥራቸው አንዱ ሲነሣ ሌላው እየወረደ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ማጋደል ነው። የዛሬው መቆጣጠሪያ ሬዲዮ በውስጡ ኮምፒዩተር ስላለው ለአንድ ሰሌዳ ሁለት ሥራ መስጠት ይቻላል። ይህም ማጣመር ወይም ሚክሲንግ ይባላል። በሒሳብ ቋንቋ እጅግ ቀላል ነገር ነው፤ የቀኙ ኤይሌሮን ማዕዘን የማጋደል ትእዛዝ ሲደመር የማረፊያ ትእዛዝ ነው፤ የግራው ደግሞ የማጋደሉ ትእዛዝ በተቃራኒ ምልክት ሲደመር ያው የማረፊያ ትእዛዝ። ተማሪዎቻችን በሞገድ ትምህርት የሚያውቁት የመደራረብ መርሕ እዚህም ይሠራል።

ክርክሩ የሚነሣው በማረፊያው ትእዛዝ ምልክት ላይ ነው። ፍላፑ ሲወርድ ኤይሌሮኖቹ ሁለቱም አብረውት ይውረዱ ወይስ በተቃራኒው ሁለቱም ይነሡ? የመጀመሪያውን ወገን የያዙ ሰዎች ክንፉ ከዳር እስከ ዳር ሲታጠፍ የበለጠ ያነሣል፣ ፍጥነቱም የበለጠ ይቀንሳል ይላሉ። ማስረጃም አያጡም። ኤፍ/ኤ-18 የተባለው የጦር ጄት ለማረፍ ኤይሌሮኖቹን ከፍላፑ ጋር ያወርዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀደም ባሉት ዓመታት በአገር ውስጥ መስመሮች ያበራቸው የነበሩት ትዊን ኦተር አውሮፕላኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በአጭር ሜዳ ለማረፍ ከሚያስችሏቸው ብልሃቶች አንዱ ይኸው ነው።

እኛ ግን በዚህ ነገር ከሁለተኛው ወገን ጋር ነን። ለትንሽ ጄት ሞዴል፣ በተለይም ለጀማሪ፣ ኤይሌሮኖቹ በመጠኑ ቢነሡ ይመረጣል እንላለን። ምክንያታችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ክንፉ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ጥናት የጀመረው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቁጥር በሞዴላችን ክንፍ መካከል 400 ሺህ ያህል ነው፤ በጠባቡ ጫፍ ከዚያ ያንሳል። በትልቅ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ግን በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ሲያንስ አየሩ ከክንፉ በቀላሉ ይላቀቃል። ስለዚህ ኤይሌሮኑን ወደ ታች አጥፎ ከጫፉ ብዙ አንሺ ጉልበት መጠየቅ፣ ደካማውን በሬ ከባዱን ሸክም እንደማሸከም ነው። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ስቶል ሲያደርግ አውሮፕላኑ በጎኑ ይገለበጣል፤ ከመሬት በ5 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ኤይሌሮኑ ሲነሣ ግን የጫፉ ሸክም ይቀልላል፤ ስቶል ከመጣም ከክንፉ ሥር ይጀምርና አፍንጫው ቀጥ ብሎ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ የሰሌዳው እንቅስቃሴ ገደብ አለው። ኤይሌሮኑ በየአቅጣጫው 25 ዲግሪ የሚሄድ ቢሆንና 20ውን ለማረፊያ ብናውለው፣ ለማጋደል ወደ ታች የሚቀረው 5 ዲግሪ ብቻ ነው። ያ ውብ የመደመር ሒሳብ እዚህ ላይ ይቆማል። በተጨማሪም እጅግ የወረደ ኤይሌሮን ጎታች ጉልበቱ ስለሚበዛ አፍንጫውን ከተፈለገው አቅጣጫ በተቃራኒ ይስበዋል። ኤይሌሮኖቹ ሲነሡ ይህ ጉተታ ይቀንሳል። እርግጥ ማንሣቱም ቢሆን ወደ ላይ የሚቀረውን እንቅስቃሴ ስለሚያሳንስ፣ ያን ጊዜ ኤይሌሮኑ ወደ ታች የሚሄድበትን መጠን መጨመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የወረደ ፍላፕና የተነሣ ኤይሌሮን አንድ ላይ ሲሆኑ ጎታቹ ጉልበት በእጅጉ ያድጋል፤ ከላይ እንዳየነው ጄት ሞዴል የጎደለው ይኸው ነው። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለ። ተርባይን ከዝግታው ወደ ሙሉ ዙሩ ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ጎታቹ ጉልበት ትልቅ ሲሆን አብራሪው ተርባይኑን ከዝግታው ከፍ አድርጎ ይዞ ስለሚወርድ፣ ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሣት ቢገደድ ሞተሩ ፈጥኖ ይታዘዝለታል።

ዋጋ የለውም ግን አንልም። ኤይሌሮን ማንሣት ከአንሺው ጉልበት የተወሰነውን ይቀንሳል፤ የማረፊያው ፍጥነት በጥቂት በመቶ ከፍ ይላል። እኛ ይህን ዋጋ ከፍሎ ከመገልበጥ መዳንን እንመርጣለን። ኤፍ/ኤ-18 በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ተጨማሪ ፍላፕና በየቅጽበቱ የሚያርመው ኮምፒዩተር አለው፤ ትዊን ኦተርም ቀጥ ያለ፣ ወደ ጫፉ የማይጠብብ ክንፍ አለው። ምልክቱን ከእነርሱ ለመቅዳት አስቀድሞ የእነርሱን ክንፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ሦስት ሚሊ ሜትር

የሁሉ መፈተኛ ግን ጭራው ላይ ነው። ፍላፑ ሲወርድ የክንፉ ጉብጠት ስለሚጨምር ክንፉ ራሱ አፍንጫውን ቁልቁል ይገፋል። በዚያው ጊዜ ከክንፉ ወደ ታች የሚወረወረው አየር አቅጣጫ ስለሚለወጥ ጭራውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ይህም አፍንጫውን ሽቅብ ያነሣል። ከሁለቱ የትኛው ያይላል? መልሱ በጭራው ከፍታና ርቀት፣ በክንፉ ቦታና ቅርጽ ይወሰናል። ክንፉ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ከሆነ ደግሞ የተነሡት ኤይሌሮኖች ከክብደቱ ማዕከል በስተኋላ ስለሚገኙ አፍንጫውን ሽቅብ ይልኩታል። ስለዚህ ኤሌቬተር የሚባለው የጭራ ሰሌዳ ከፍላፑ ጋር ተጣምሮ እንዲያካክስ ይደረጋል። ማካካሻው በአንዱ ሞዴል ሽቅብ፣ በሌላው ቁልቁል ነው።

በጀርመን አገር ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ አንድ እሑድ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ያየነው ነገር ከዐይናችን አልጠፋም። አንድ አብራሪ የሬዲዮውን ቁጥሮች በሙሉ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ጓደኛው ቀድቶ መጥቷል። በመሬት ላይ ፍላፑን ሞከረ፤ ወረደ። ኤይሌሮኖቹን ሞከረ፤ ተነሡ። በጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተርም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተንቀሳቀሰ። ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ግን የጠየቀ አልነበረም። የጓደኛው ሰርቮ፣ ማለት ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ በተቃራኒ ጎን የተገጠመ ነበረ። ሞዴሉ ለማረፍ ሲቃረብ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ማብሪያውን ጫነ። አፍንጫው ወደ መሬት ተደፋ። የቀረው ጥቁር ጭስና የነደደ ሣር ነበር። ሰው ባለመጎዳቱ ሁላችንም ፈጣሪን አመሰገንን። አብራሪው ግን እጁን አጣጥፎ የተናገረው ቃል ከተማሪዎቻችን የምንሰማው ሆነ፤ «ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ነበሩ» አለ።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው? በመጀመሪያ መሬት ላይ የእያንዳንዱን ሰሌዳ አቅጣጫ በዐይን አይቶ፣ ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ ጽፎ መያዝ። ቀጥሎ በቂ ከፍታ ላይ፣ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ፣ ፍላፑን ግማሽ ብቻ አውርዶ አፍንጫው ወዴት እንደሚሄድ መመልከትና ማካካሻውን በዚያው ልክ ማረም። ከዚያ እስከ ሙሉው ማውረድ፤ በመጨረሻም እዚያው ከፍታ ላይ ፍጥነቱን እየቀነሱ ስቶል ሲያደርግ በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ ማየት። ሰሌዳዎቹ በድንገት ሳይሆን በሁለትና በሦስት ሰከንድ ቀስ ብለው እንዲንቀሳቀሱ ቢደረግ አብራሪው ለማረም ጊዜ ያገኛል። ለመነሻ ያህል ፍላፑን 40 ዲግሪ ማውረድ፣ ኤይሌሮኑን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ማንሣት ይቻላል። እነዚህንም ቁጥሮች ቢሆን ከእኛ ቀድቶ የሚያርፍ ሰው ይህን ጽሑፍ አላነበበውም እንላለን።

ስለ እኛስ?

አንባቢ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል አንፈርድበትም። በአገራችን ተርባይን ሞዴል የሚያበር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ሆኖም ያንን ሞዴል በሐሳብ ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። በሰከንድ 17 ሜትር የነበረው የማረፊያ ፍጥነት ወደ 19 ሜትር ከፍ ይላል። ኢነርጂው በ26 በመቶ ይጨምራል፤ ፍላፑ ካተረፈልን የሚበልጠውን ክፍል ከፍታው መልሶ ይወስደዋል።

ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ የፍጥነት መለኪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ ከፍታው በራሱ ይታረምለታል፤ በቦሌም በባሕር ዳርቻም መርፌው ላይ የሚያየው የማረፊያ ቁጥር ያው ነው። የሞዴል አብራሪ ግን መሬት ላይ ቆሞ ፍጥነትን የሚገምተው በዐይኑ ነው። በሐምቡርግ የለመደ ዐይን በአዲስ አበባ ሞዴሉ «ፈጠነ» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል፤ ስቶልም ያደርጋል። ለካስ የሚቀዳው የሬዲዮ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የተቀዳ ዐይንም አለ።

እኛ በትምህርት ቤቶቻችን የምንፈራው ይህን ነው። ቀመሩን ከመጽሐፍ፣ ቁጥሩን ከጎረቤት፣ ምልክቱን ከዕድል እየወሰድን እስከ ምረቃ የምንደርስበት መንገድ አለ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ነገ የእውነተኛ አውሮፕላን ጥገና፣ የግድብ በር፣ የሆስፒታል የጨረር መሣሪያ የሚረከቡ አሉ። በእነዚያም ቦታዎች አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቫልቭ፣ አንድ ሽቦ ሦስት ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህም ጄት መግዛት አያሻም። ከወፍራም ካርቶን ተንሸራታች አውሮፕላን ይሠራ፤ አፍንጫው ላይ የወረቀት መቆንጠጫ ይደረግ፤ በክንፉ የኋላ ጠርዝ አራት ቦታ ተቀዶ ሁለቱ ፍላፕ፣ ሁለቱ ኤይሌሮን ይሁኑ። ከመወርወሩ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አፍንጫው ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ይተንብይ። ከዚያ ከአንድ ደረጃ ላይ ኤይሌሮኖቹ ወርደው 20 ጊዜ፣ ተነሥተው 20 ጊዜ ይወርወር፤ ርቀቱና ጊዜው ይለካ፤ አማካዩ ይሰላ። ትንቢቱ የተሳሳተበት ተማሪ ከሁሉ የበለጠ ይማራል። ውጤቱ እኛ ከላይ ከተከራከርንለት ሐሳብ ጋር የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ መዝገቡን ይዞ ቢሮአችን ድረስ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው። ነጥብ የምንሰጠውም ለምልክቱ ይሆናል።